የኖትፓድ ፕላስ ፕላስ «ራን»፦ ፋይልን በሌላ ፕሮግራም ለመክፈት

በዊንዶውስ ላይ በነፃ ከሚገኙት የጽሑፍ ማዘጋጃዎች መካከል ለዚህ ሥራ የምመርጠው ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን ነው። ኤችቲኤምኤል ፋይል ከፍተው በፋየርፎክስ ማየት ሲፈልጉ ኤፍ 5ን ይጫኑ፤ «ራን» የሚባለው ትንሽ መስኮት ሲከፈት ባለሦስት ነጥቧን ቁልፍ ነክተው ብራውዘሩን ይምረጡ። ቀጥለው አንድ ክፍት ቦታ ይተዉና የዶላር ምልክት፣ ከዚያም በቅንፍ ውስጥ «ፉል ከረንት ፓዝ» (የተከፈተው ፋይል ሙሉ አድራሻ) የሚለውን በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት፣ ቃላቱን በአንደርስኮር አያይዘው ይጻፉ። «ሴቭ» ብለው ስምና አቋራጭ ቁልፍ ከሰጡት ራን ሜኑ ውስጥ ይቀመጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥቅሱ ላይ ነው። የፋይሉ ስም ክፍት ቦታ ካለው ትእዛዙ እዚያው ላይ ይቆረጥና ብራውዘሩ የሌለ ፋይል ይፈልጋል። ስለዚህ የፕሮግራሙን አድራሻ ለብቻ፣ ከዶላሩ እስከ ቅንፉ መዝጊያ ያለውንም ለብቻ በድርብ ጥቅስ ይክበቡ።

የራን ትልቁ ጉድለት ፋይሉን ራሱ ሴቭ አለማድረጉ ነው፤ ውጭ ያለው ፕሮግራም የሚያነበው ዲስክ ላይ ያለውን ስለሆነ አዲሱ ለውጥ አይታይም። አስቀድመው ኮንትሮል ኤስ ይጫኑ። በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ፋይል ለማስኬድ ግን ራን አይመችም፦ ጥቁሩ መስኮት ውጤቱ ሳይነበብ ይዘጋል። ለዚያ ኤንፒፒኤግዜክ የተባለው ፕለጊን (በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ የሚጫን ተጨማሪ) ይሻላል፤ ከታዘዘ ፋይሉን ሴቭ አድርጎ ውጤቱን እዚያው ከሥር ያሳያል።