ናኖ ብናኝ ያለው የትራንስፎርመር ዘይት፦ ዋጋውን ያወጣል?

የአሉሚና፣ የታይታኒያ ወይም የማግኔታይት (ሁሉም የብረታ ብረት ኦክሳይዶች ናቸው) እጅግ ደቂቅ ብናኝ የተበተነበት የትራንስፎርመር ዘይት በሁለት ነገር ይሞገሳል፤ ሙቀት ቶሎ ያስተላልፋል፣ ከፍተኛ ቮልቴጅም ይቋቋማል። ሁለቱም በቤተ ሙከራ ታይተዋል። ሻጭ የማያነሳው ግን ሁለቱ በአንድ መጠን እንደማይገኙ ነው።

የተለመደው የማዕድን ዘይት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 0.13 ዋት በሜትር ኬልቪን አካባቢ ነው። ከይዘቱ 1 በመቶ አሉሚና ቢጨመርበት ቁጥሩ ከፍ የሚለው በ3 በመቶ ገደማ ነው፤ 0.134 ቢደርስ ነው። ለዚህም በሊትር 40 ግራም ግድ ነው። 300 ሊትር ለሚይዝ የሰፈር ትራንስፎርመር 12 ኪሎ ዱቄት መሆኑ ነው! ዘይቱም ይወፍራል። ፓምፕ በሌለው ትራንስፎርመር ዘይቱ የሚዞረው ሞቆ ወደ ላይ እየወጣ፣ በራዲያተሩ ቀዝቅዞ እየወረደ ስለሆነ፣ የተገኘችውን ጥቂት ትርፍ ውፍረቱ ይበላታል።

የቮልቴጁ ነገር የተሻለ ነው። ብናኞቹ ፈጣን ኤሌክትሮኖችን ስለሚይዙ የብልጭታው ጉዞ ይዘገያል። ለዚህ ግን ጥቂት ይበቃል፤ በሊትር 0.2 ግራም ቢባል ለሙቀት ካሰብነው 200 ጊዜ ያነሰ ነው፣ ማቀዝቀዙ ላይም የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ሲበዛ ደግሞ ብናኞቹ ተያይዘው ለብልጭታው ድልድይ ይሠሩለታል።

ዋናው ድክመት መዝቀጡ ነው። ብናኞቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚከላከል እንደ ኦሌይክ አሲድ ያለ ሽፋን ካልለበሰ፣ በአልትራሳውንድ በደንብ ካልተበተነ፣ ብናኙ እንደ ጠላ አተላ ከታች ይተኛል። ዱቄቱ ከመቀላቀሉ በፊት ካልደረቀ እርጥበት ይዞ ይገባል። በአልትራሳውንድ ጊዜ ዘይቱ ከጋለም ይበላሻል፤ እያረፉ፣ ዕቃውን በቀዝቃዛ ውሃ ከበው መሥራት ይሻላል። ከዚያ በኋላ በቫኪዩም አየሩን ማውጣት አይቀርም። ሌላው ጣጣ የጥገና ነው፦ ዘይት የሚያድሰው የሸክላ ማጣሪያ ቆሻሻውን ከብናኙ አይለይም፣ የከፈሉበትን ብናኝም አብሮ ያስቀርባችኋል።

ናሙና ሲመጣላችሁ ዘይቱ የሚቋቋመውን ቮልቴጅ በሚለካው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በአይኢሲ 60156 ዘዴ፣ በ2.5 ሚሊሜትር ክፍተት 6 ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይያዝ። በዘዴው መሠረት ከመለካቱ በፊት ጠርሙሱ በዝግታ ስለሚገላበጥ ግን ይህ ልኬት ዝቃጩን አያሳይም። ስለዚህ ሌላ ናሙና በግልጽ ጠርሙስ በ70 ዲግሪ አንድ ወር ሳይነካ ይቀመጥ፣ ከዚያ የላዩና የታቹ ለየብቻ ይለካ። የታን ዴልታ (በዘይቱ ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክነውን ኤሌክትሪክ የሚያሳይ ቁጥር) ውጤትም በ90 ዲግሪ ጠይቁ፤ ለአዲስ የማዕድን ዘይት ጣሪያው 0.005 ነው፣ ናኖው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ለምርምር ከአምስት አራት እንሰጠዋለን፣ መስመር ላይ ለሚሠራ ትራንስፎርመር አንድ። የእሳት ስጋት ያስጨነቀው እንደ ኤፍአር3 ያለ የተፈጥሮ ኤስተር (ከዕፅዋት ዘይት የሚሠራ የትራንስፎርመር ዘይት) ይመልከት፤ እሳት የሚይዘው በ360 ዲግሪ ግድም ነው። ከማዕድን ዘይት 3 እጥፍ ገደማ ስለሚወፍር ግን ራዲያተሩ ለእሱ የተሠራ ይሁን።

ሙቀት ብቻ ከሆነ ያስቸገረው፣ መጀመሪያ የራዲያተሩ አቧራ ይጠረግ። ከፍታም አይዘንጋ፦ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ400 ሜትሩ የሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። 2,400 ሜትር ግድም ለሆነችው አዲስ አበባ 3.5 ዲግሪ ነው፣ ይህም ትራንስፎርመሩ ሲታዘዝ በውሉ ላይ የሚጻፍ እንጂ በኋላ በዱቄት የሚካካስ አይደለም።