አዲስ ቴፕ በአሮጌ ኮሮላ ላይ፦ ከወራት በኋላ

ቴፑ መኪናዋ ውስጥ ከገባ ግማሽ ዓመት አልፎታል። በየቀኑ ይሠራል። ሙቀቱንም ዝናቡንም ኮረኮንቹንም አብሮኝ አሳልፏል። ባጭሩ በጣም ወድጄዋለሁ፤ የማላሞግሰውም ነገር አለው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ኮሮላ ነች። ቴፑ ባለ አንድ ዲን ነው፤ ዲን የመኪና ቴፕ የመጠን ደረጃ ነው። ስክሪን የለውም፣ ሲዲም አይወስድም። ብሉቱዝ፣ ዩኤስቢ፣ የድምፅ ገመድ መሰኪያና ሬዲዮ ነው ያለው። ስለ ብራንዱ ብዙ አላወራም፤ በዚህ ደረጃ ያሉ ቴፖች እርስ በርስ የሚለያዩት በጥቂት ነው። አሮጌ መኪና ላይ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ከቴፑ ጀርባ ያለው ሽቦ ነው። ስለዚህ ብዙ የማወራው ስለ ሽቦ ነው።

ስክሪን ያለው መግዛት እችል ነበር። የአንድ ዲን ልክ 18 ሴንቲ ሜትር በ5 ነው፣ ሁለት ዲን ደግሞ 18 በ10። የቶዮታ ክሩስኮቶ ላይ ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ 20 በ10 ስለሆነ ሁለቱም ይገባሉ፤ በግራና በቀኝ የሚቀረውን ክፍተት የሚሸፍን ፕላስቲክ ብቻ ይፈልጋሉ። እኔ ግን እየነዳሁ ሳላይ የማገኘው፣ በእጅ የሚዞር የድምፅ ቁልፍ ነበር የፈለግኩት። ስክሪን ላይ ድምፅ ለመቀነስ ዓይን ከመንገድ ይነሳል። ከቴፑ በታች በቀረው ቦታ ደግሞ ትንሽ ኪስ ገጥሜበታለሁ፤ ስልኬ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ዛሬም ብመርጥ ይህንኑ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ሽቦው። የድሮውን ቴፕ ስናወጣ ከጀርባው የተገኘው ያሳዝናል። ከእኔ በፊት መኪናዋን የያዘ ሰው ያስገጠመው ነው። የፋብሪካው ሶኬት ተቆርጦ ተጥሏል። ሽቦዎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። የናስትሮው ሙጫ በሙቀት ቀልጦ ተንሸራቷል፣ አንዳንዱ ሽቦ ራቁቱን ቀርቷል። ክሩስኮቶ ውስጥ ራቁቱን የሚወዛወዝ ሽቦ ፊውዝ ያቃጥላል፤ ፊውዙን በትልቅ የተካ ሰው ካለ ደግሞ እሳት ያስነሳል። ይህንን ቀላል አድርጎ ማለፍ አይገባም።

ሁሉንም አወጣነው። የቶዮታ ባለ 10 እና ባለ 6 እግር ሶኬት ገዝተን መልሰን ገጠምን፤ መጋጠሚያዎቹን በስታኞ በይደን በሙቀት በሚሸበሸብ ጎማ ሸፈንናቸው። ከዚያ በኋላ ቴፑ የተያያዘው በአዳፕተር፣ ማለትም የቴፑን ሽቦዎች ከመኪናው ሶኬት ጋር በሚያገናኝ መሰኪያ ነው። ነገ ብቀይረው አንድም ሽቦ አይቆረጥም።

አዳፕተሩ ቅንጦት የሚመስላችሁ ካላችሁ ቀለሞቹን ልንገራችሁ። በገበያ ቴፖች ላይ ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣው ቢጫ ነው፣ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው ቀይ፣ ማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቭ) ጥቁር። በብዙ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ግን ቀጥታው ቢጫ መስመር ያለው ሰማያዊ ነው፣ በቁልፍ የሚመጣው ግራጫ፣ ማሳው ቡኒ። ቶዮታው ላይም ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሽቦ አለ፤ የኋላ ስፒከሮች ናቸው። የገበያው ቴፕ ግራጫ ደግሞ የቀኝ የፊት ስፒከር ነው። ቀለም ከቀለም ያገናኘ ሰው 12 ቮልቱን በቀጥታ ቴፑ የስፒከር መውጫ ውስጥ ይከተዋል። ቴፑ አንድ ዘፈን ሳያሰማ ይቃጠላል። ስለዚህ ወይ አዳፕተር ወይ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፤ በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ቢጫውና ቀዩ ለምን ሁለት እንደሆኑም ማወቅ ይጠቅማል። ቢጫው የሬዲዮ ጣቢያዎችንና የድምፅ ማስተካከያውን እንዳይረሳ ያደርጋል። ቀዩ ቴፑን ያበራል፣ ያጠፋል። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ባትሪው ላይ የሚያገናኝ ሰው አለ፤ ቁልፍ ሳይዞር ሙዚቃ እንዲሰማ ብሎ። ያ ቴፕ መቼም በትክክል አይተኛም፣ ባትሪውን ቀስ እያለ ይጠጣዋል። መኪናው ተዘግቶ ሁሉም ነገር ሲተኛ ከባትሪው የሚወጣው ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ቴስተሩን በባትሪው ኔጋቲቭና በገመዱ መካከል አስገብቶ መለካት ይቻላል፤ ቴስተሩ እዚያ ላይ እያለ ግን ሞተር ማስነሳትም መብራት ማብራትም አይገባም። የእኔን ለካን፣ ከዚያ በታች ነው። መንገድ ሄጄ መኪናዋ ለብዙ ቀን ቆማ ስመለስ በመጀመሪያው ቁልፍ ነው የተነሳችው።

ማሳውን ቀለም ወደሌለው ብረት ወስደን በብሎን አሰርነው፤ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን። አዲስ ቴፕ ያስገቡ ብዙ ሰዎች ነዳጅ ሲሰጡ አብሮ የሚወጣ ቀጭን ፉጨት ይሰማሉ። ምንጩ ዲናሞው ነው፣ መንገዱ ደግሞ ደካማ ማሳ። የእኔ ጸጥ ያለ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፦ ስልኩን በሲጋራ መለኮሻው ቻርጅ እያደረግኩ ሙዚቃውን በገመድ ስሰጠው። ያኔ ስልኩና ቴፑ በሁለት መንገድ ማሳ ይጋራሉ። በብሉቱዝ ሳደርገው ይጠፋል።

ወደ ድምፁ ልምጣ። ካርቶኑ ላይ “50 ዋት በ4” ይላል። ያ ለቅጽበት የሚደርስበት ከፍታ ነው፤ እንዲህ ያሉ ቴፖች ሳያቋርጡ የሚሰጡት በአንድ ስፒከር 20 ዋት አካባቢ ነው። ለአንድ ኮሮላ ይበቃል። የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ ግን ድምፁ ከፍ ሲል ይሰባበር ነበር። የበሩን ሽፋን አውልቀን አየነው፤ የስፒከሩ ወረቀት ደርቆ ጠርዙ ላይ ተቀዷል። ቴፑን የሚያማርር ሰው መጀመሪያ ስፒከሩን ይይ። የፊቶቹን ሁለት ቀየርኩ፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቤዝ ደግሞ በቴፑ ሴቲንግ ውስጥ ቆረጥኩላቸው። ትንሽ ስፒከር ከባዱን ቤዝ እንዲያወጣ ሲገደድ ነው ሌላውንም የሚያበላሸው። አሁን የዘፋኙ ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ክራሩ ለብቻው ይለያል። ቤዙ ልብ የሚመታ አይደለም፤ ለዚያ አምፕ (የድምፅ ማጉያ) እና ሳብ (ትልቅ የቤዝ ስፒከር) ያስፈልጋል።

መኪናችሁ ከእኔዋም የምታረጅ ከሆነ አንድ ነገር አስተውሉ። አንዳንድ የድሮ መኪኖች የስፒከሮቹን ኔጋቲቭ ከማሳ ጋር ያገናኛሉ። የዛሬ ቴፕ የስፒከር ኔጋቲቭ ግን ማሳ አይደለም፤ ማሳ ከነካ ቴፑ ይቃጠላል። ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት አዲስ ሽቦ መዘርጋት ግድ ነው።

የማልወደውን ልናገር። ፀሐይ በጎን ስትመታው ጽሑፉ አይነበብም። ማታ ደግሞ መብራቱ ዓይን ይወጋ ነበር፤ ብርቱካናማውን ሽቦ ከመኪናው መብራት መስመር ጋር ካገናኘነው በኋላ ግን ፓርኪንግ ስለኩስ ራሱ ይደበዝዛል። ብዙ ገጣሚዎች ይህችን ሽቦ ትተዋት ይሄዳሉ፣ አስገናኟት። ዩኤስቢው ስልክ ቻርጅ ሲያደርግ ቀርፋፋ ነው፤ ካርታ ከፍታችሁ ከነዳችሁ ባትሪው ባለበት ይቆማል እንጂ አይጨምርም። ፊቱ ላይ ያለው ማይክ የመንገዱን ጩኸት ሁሉ ይሰበስባል። አብሮት የመጣውን ባለ ገመድ ማይክ ከፀሐይ መከላከያው አጠገብ ካስገባሁት በኋላ የሚደውሉልኝ ሰዎች “አይሰማም” ማለት ትተዋል።

የሚነቀለው የቴፑ ፊት ሌባን ለመከላከል ጥሩ ነው፣ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። ከጀርባው የተደረደሩት ትንንሽ እግሮች አቧራ ሲይዙ ቴፑ ኮረኮንች ላይ ጠፍቶ ይበራል። በአልኮል በረጠበ ጥጥ ጠረግኳቸው፤ ችግሩ ቆመ።

የቀረኝ ሬዲዮው ነው። ራቅ ያሉ ጣቢያዎችን ሲይዝ ይንሿሿል። ቴፑ ጥፋተኛ አይደለም፤ የአንቴናው መቆሚያ ዝጓል፣ ማሳው ከቦዲው ጋር በደንብ አይገናኝም። በሚቀጥለው ሥራ ፈት ቀን አውጥቼ እፈገፍገዋለሁ፤ ካልሆነ አንቴናውን ከነገመዱ እቀይረዋለሁ።