አንድነት ፓርክ፦ ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚያገኝ አባት

ከእናቷ ጋር ከተፋታን በኋላ ልጄን ሳላያት ብዙ ቆየሁ፣ ፍርድ ቤት ቅዳሜ እንድወስዳት ሲፈቅድልኝ ደግሞ ጭንቀቴ የት ልውሰዳት ሆነ። (የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ 213/1992 አንቀጽ 113፣ ፍቺ ሲወሰን ልጅና ወላጅ የሚጠያየቁበት ሁኔታም አብሮ እንዲወሰን ያዛል፣ ያልጠየቃችሁ አባቶች ጠይቁ!)

ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ "ትምህርት እንዴት ነው" ማለት ልጅን ያስጨንቃል፣ አንድነት ፓርክ (አዲስ አበባ፣ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ያለው) ግን እየተራመዳችሁ ነው የምታወሩት። መጀመሪያ እጄን አልያዘችም፣ መልሷም "እሺ" ብቻ ነበር፣ ጥቁር ጎፈሩ አንበሳ ጋ ስንደርስ ግን ጃኬቴን ጭምድድ አድርጋ ይዛ "አባቢ እያየን ነው እንዴ?" አለችኝ፣ ከዛ በኋላማ ወሬው አላቆመም፣ እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

የምኒልክ ግብር አዳራሽ ደስ ይላል ግን ለትንሽ ልጅ ይከብዳል፣ ቶሎ እለፉትና እንስሳቱ ጋ ጊዜ ስጡ። ግቢው ሰፊ ስለሆነ ምቹ ጫማ ይኑራት። ፍተሻው ጥብቅ ነው፣ የመመለሻ ሰዓት የተቆረጠላችሁ በጊዜ ድረሱ። ለሁለት ሰዓት ብቻ ከተፈቀደላችሁ ግን አይበቃም፣ ግማሽ ቀን ስታገኙ ሂዱ።