ተልዕኮ የሚያረቅቀው የባሕር ዳር ቢሮ፦ አማርኛው ያማረ፣ ግሱ የሳተ

ባሕር ዳር ውስጥ መተዳደሪያ ደንብና የማኅበር ሰነድ የሚያረቅቀው ይህ ቢሮ ለዕድርና ለልማት ማኅበር ሲጽፍ እጁ የተፈታ ነው። ፊደል አይገድፍም፣ ቀጠሮ አያፈርስም፣ ማስተካከያ ሲጠየቅም ፊቱን አያጠቁርም። እዚህ የምንገመግመው ግን ከለመደው ወጣ ያለ ሥራውን ነው፦ ኮሎራዶ የሚኖሩ የጎጃም ተወላጆች ላቋቋሙት፣ ሳይኪደሊክን (እንደ አንዳንድ እንጉዳይ ያለ፣ ስሜትንና ግንዛቤን የሚለውጥ ነገርን) ለመንፈሳዊ ሕይወት የመጠቀም መብት እንዲከበር ለሚሟገት ቡድን ያዘጋጀውን ተልዕኮ።

ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ሁለንተናዊ ፈውስን በማጎልበት፣ ባለድርሻ አካላትን በማቀናጀትና ሁሉንም የቁርባን ዕፀዋት ለኅብረተሰቡ ተደራሽ በማድረግ መንፈሱ የበለጸገ ትውልድ ተፈጥሮ ማየት።»

«ማየት» ላይ የሚያርፍ ዓረፍተ ነገር ራዕይ ነው፣ ተልዕኮ አይደለም። ይህ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የሚታይ ስሕተት ስለሆነ ይታለፍ። የማይታለፈው «ተደራሽ በማድረግ» ነው። የኮሎራዶ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቁት 122ኛው የሕዝብ ውሳኔ 21 ዓመት የሞላው ሰው ሲሎሳይቢን የተባለው ሳይኪደሊክ ንጥረ ነገር ያለውን እንጉዳይ እንዲይዝ፣ እንዲያበቅልና ያለ ክፍያ እንዲያካፍል ፈቀደ እንጂ ሽያጭን አልፈቀደም። አገልግሎቱን በሙያ የሚሰጡት ፈቃድ ያላቸው ናቸው፤ የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ አሁንም ይከለክላል። ስለዚህ ያ አንድ ሐረግ ተሟጋቹን አቅራቢ ያደርገዋል። «ሁሉንም» የሚለውም አይሆንም፤ ውሳኔው ፔዮቴ የተባለውን ቁልቋል ለይቶ አስቀርቶታል።

ቢሮው ደንበኛውን መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ቤተ እምነት ናችሁ ወይስ ተሟጋች? እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993ቱ የሃይማኖት ነፃነት ሕግ ተመርኩዞ አያዋስካ የተባለውን ሳይኪደሊክ የዕፀዋት መጠጥ በሥርዓቱ ለሚጠጣው፣ ኡኒያው ዶ ቬጌታል ለተባለው ቤተ እምነት የፈረደለት አምልኮው ስለሆነ ነው። አምልኮ የሌለው ተሟጋች በዚያ ፍርድ አይጠለልም።

ቃላቱ ላይ ደግሞ ቢሮው ከሌላው የበለጠ ሊጠነቀቅ ይችል ነበር፤ የቅኔው አገር ነውና። «ቁርባን» ሲባል ለጎጃም አንባቢ መጀመሪያ የሚታየው ሥጋ ወደሙ ነው። «በመንፈሳዊ ሥርዓት የሚወሰድ» ማለት ይበቃ ነበር። «አደንዛዥ ዕፅ» አለማለቱ ግን ያስመሰግነዋል፤ ሳይኪደሊክ ስሜትን ይለውጣል እንጂ አያደነዝዝም። ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበን አባሪው ነው። በአገራችንም የኖረ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ሲል ከቅኔ ቤት ጋር ስሙ የሚነሣውን አብሾን ከእንጉዳዩ ጎን አሰልፎታል። አብሾ ነው የሚባለው አጠፋሪስ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ያለበት መርዛማ ተክል ነው፤ የሚያስቃዠው በመመረዝ ነው። አእምሮ ያሰክራል፣ ልብ ያስሮጣል፣ መጠኑ ሲያልፍ ይገድላል። ያ አንቀጽ እንዳለ መውጣት አለበት።

ክፍያው በገጽ መሆኑም ሥራውን ያበላሻል። ደንብ ሲረዝም ያምራል፤ ተልዕኮ ግን በአንድ ትንፋሽ ካልተነበበ አባሉ አይይዘውም። ቢሮው ለተልዕኮ የቁርጥ ዋጋ ቢያወጣ ይሻለዋል።

ለዚህ ቡድን የሚሆነው ይህን ያህል ነው፦ «በኮሎራዶ የምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች፣ አዋቂ ሰው ሳይኪደሊክን ለመንፈሳዊ ሕይወቱ የመጠቀም መብቱ በሕግ እንዲጠበቅ እንሟገታለን፤ አደጋውንና ጥንቃቄውን በቋንቋችን እናስተምራለን።» ማን፣ ለምን መብት፣ በምን ሥራ፣ የት፤ አራቱም አሉበት። «በኮሎራዶ» የሚለው ቃል እንዳይወጣ፤ ጽሑፉ አማርኛ ስለሆነ ጎጃምም ይነበባል፣ እዚህ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዕፅ ማዘዋወርንና መጠቀምን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አለ። «አደጋውን» የሚለውም ለማሳመሪያ የገባ አይደለም። አያዋስካ ከአንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ሕይወት ያሰጋል፤ ይህን በአማርኛ የሚነግራቸው ሌላ ወገን ላይኖር ይችላል።

ለዕድር ደንብ ወደዚህ ቢሮ ሂዱ። ለእንዲህ ያለው ሥራ ግን የምትኖሩበትን አገር ሕግ አንቀጹን፣ «እናደርጋለን» እና «አናደርግም» የምትሉትን በሁለት ዓምድ ጽፋችሁ ካልያዛችሁ አትሂዱ።