የፍጥሞው ባለታክሲ፦ እናት ወይም አባት ይዞ ለሚሄድ ሁሉ

ፍጥሞ ደሴት ለመሳለም ያሰባችሁ፣ በተለይ ደግሞ እናት አባት ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ይህችን ጽሁፍ አስቀምጧት። አንድ ባለታክሲ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ግሪካዊ ነው፣ አማርኛ አያነብም። ቢሆንም ምስጋናው ለእናንተ ይጠቅማል ብዬ ነው።

ስሙን እዚህ አልጽፍም። የሰው ስምና ስልክ አደባባይ ላይ መበተን ደስ አይለኝም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሰጠዋለሁ።

እኔ የምኖረው አቴንስ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ መጣችልኝና አክሮፖሊስ ወሰድኳት። ሽቅብ አየት አድርጋ "ጥሩ ነው" አለች፣ በቃ። እሷ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ደሴት ከዚህ ሩቅ ናት?" ሩቅ ናት። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከፒሬየስ ወደብ በመርከብ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ወቅቱም ፍልሰታ ነበር፣ ጾሙን ታጠብቀዋለች። እንዴት ይሆናል እያልኩ ጉዞውን ጀመርን።

መርከባችን ስካላ የደረሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ስካላ የደሴቲቱ ወደብ ናት፣ ትንሽዬ ከተማ። ክፍል ያከራየን ሰው ወደብ ላይ እጠብቃችኋለሁ ብሎን ነበር። የለም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ከመርከቡ የወረደው ሰው ሁሉ በአንድ አፍታ ተበትኖ አለቀና እኔ፣ እማዬና ሁለት ሻንጣ ቀረን። ይሄ ባለታክሲ ሌላ ቤተሰብ ሊቀበል መጥቶ ነበር። "እነሱን አድርሼ እመለሳለሁ፣ ከዚህ እንዳትነቃነቁ" አለኝ። እንዲህ ብለው የሚቀሩ ስንት አሉ! እሱ ግን ተመለሰ። የአከራዩን ስም ሲሰማ ሳቀ። ሰውየው ስልክ ካላነሳ የት እንደሚገኝ አልጠፋውም፣ እህቱ ቤት ወሰደንና በሩን ደበደበ። ትንሽ ደሴት ላይ መደበቅ አይቻልም። ገብተን ሻንጣውን ደረጃ ላይ ካወጣልን በኋላ የጠየቀን መጀመሪያ የነገረንን ሂሳብ ብቻ ነው።

በማግስቱ ደወልኩለት። "ምን ማየት ትፈልጋላችሁ?" ይለኛል ብዬ ዝርዝሬን ይዤ ነበር። እሱ የጠየቀኝ ሌላ ነው። "ያያ ስንት ደረጃ ትችላለች?" ያያ የሚላት እማዬን ነው፣ እዚህ አያትን እንዲያ ነው የሚሏት። እኔ እንጃ አልኩት። "እንግዲያው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በር ላይ እሆናለሁ። ከዚያ ካለፈ ትላልቅ መርከቦች በአውቶቡስ አውቶቡስ ሰው ያራግፋሉ። ደረጃው ላይ ይገፏታል።"

የራእዩ ዋሻ ከስካላ ወደ ሆራ በሚወጣው መንገድ እኩሌታ ላይ ነው። ሆራ ማለት ከላይ ኮረብታው ላይ ያለችው ነጭ ከተማ ናት። ዋሻው ዛሬ ሕንጻ ውስጥ ነው ያለው፣ ከመንገዱ ብዙ ደረጃ ወደ ታች ይወረዳል። መውረዱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ነው ጣጣው። ባለታክሲው የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ዓሣ አጥማጆች የሚቀመጡባትን ታጣፊ በርጩማ አወጣ። እጇን ይዞ ያወርዳታል፣ ትንሽ እንደሄዱ በርጩማዋን ይዘረጋል፣ ያሳርፋታል። ውጡም ስንባል እንደዚያው። ሁለቱ አንድ ቃል አይግባቡም። እሷ "ተባረክ የኔ ልጅ" ትላለች፣ እሱ "ቀስ፣ ያያ፣ ቀስ" በግሪክኛ። ሦስት ፈረንጅ ቱሪስት ከኋላ ሲጠብቅ ዞር ብሎ አንድ ነገር አላቸው። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፣ ብቻ ዝም አሉ።

ዋሻውን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ድንጋይ። ጣሪያው ላይ ሦስት ሆኖ የተከፈለ ስንጥቅ አለ፣ ድምፁ በመጣ ጊዜ ዓለቱ የተሰነጠቀበት ነው፣ ሦስትነቱም የሥላሴ ምሳሌ ነው ይላሉ። ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል ዙሪያው በብር የተለበጠ ጉድጓድ አለ፣ ሐዋርያው ጭንቅላቱን ያሳረፈበት። አጠገቡ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ አለ፣ ሲነሳ እጁን የሚደግፍበት ነው የሚባለው። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ እየሰማ የጻፈበት ጠፍጣፋ ዓለትም አለ። ቤተ ክርስቲያኑ በቅድስት ሐና ስም ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ደግ አደረጉ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ቆየች። በጊዜ ባንመጣ ኖሮ ያን ያህል ማን ይተዋት ነበር?

ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ነጠላ ያላችሁ ምንም አያሳስባችሁም።

ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ቅዱስ ዮሐንስ ገዳም። ከሩቅ ሲያዩት ገዳም አይመስልም፣ ምሽግ ነው የሚመስለው። ምክንያቱ የባሕር ወንበዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1088 የቢዛንታይኑ ንጉሥ ቀዳማዊ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን ክሪስቶዱሎስ ለሚባል መነኩሴ ሰጠው፣ እሱም ገዳሙን መሠረተ። ገዳሙ፣ ዋሻውና ሆራ አንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የጥንቱ የንጉሡ ደብዳቤ ዛሬም ቤተ መዘክሩ ውስጥ አለ። ገዳሙ ካሉት ብራናዎች አንዱ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል ነው። ብራናው ሐምራዊ የተነከረ ነው፣ ፊደሉ በብር ቀለም። መጽሐፉ ተበታትኖ የተለያየ አገር ሄዷል፣ እዚህ የቀረው 33 ቅጠል ነው። መጽሐፋቸው ተበታትኖ ባሕር ማዶ የቀረባቸው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። ከእመቤታችን ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ሲያስተናግድ የሚያሳይ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕል አለ። እማዬ ከሩቁ ነው የለየችው፤ ጽሕፈቱን ማንም አላነበበላትም።

ገዳሙ ቀትር አልፎ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ የሚከፈተው በአንዳንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ባለታክሲው ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

የሆራ መንገድ ጠባብ ነው፣ መኪና አይገባም። እኔ እየዞርኩ እሱ እማዬን የንፋስ ወፍጮዎቹ አጠገብ ይዟት ቀረ። ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ የ1588፣ አንዱ የ1863። ታድሰዋል። ከዚያ ላይ ቁልቁል ሲያዩ ደሴቲቱ ስካላ ጋ ወገቧ ቀጥኖ ባሕሩ ከሁለት ወገን ሊገናኝ ምንም አይቀረው። ሰማዩ ሲጠራ ኢካሪያና ሳሞስ ይታያሉ። ስመለስ ስለ ጣሊያን እያወሩ ነበር፣ በእጅ ምልክት! ፍጥሞን ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ይዟት ነበር፣ ወደ ግሪክ የተቀላቀለችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 ነው። "እኛም ቀምሰናል" ብላ እማዬ በጣቷ አምስት ስታሳየው አገኘኋቸው።

አሁን ወደ ምግቡ። ግሪኮቹም በዚያው ሰሞን የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ፣ ግን ቀድመው ነው የሚጀምሩት። በእኛ ሐምሌ 25 ይገቡና ነሐሴ 9 በዓሉን ያከብራሉ፣ እኛ ገና አጋምሰን። ባለታክሲው ጾመኛ መሆኗን ስነግረው ፊቱ በራ። የባሕር ዳር ምግብ ቤት ወሰደንና በገመድ ላይ የተሰጣ ኦክቶፐስ በኩራት አሳያት፤ "ጾም ነው! ደም የለውም!" እማዬ ስምንቱን እግር አየች። እኔን አየችኝ። "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አደረግኩት?" ተርጉሜ ስነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ራሱ ወጥ ቤት ገብቶ ከአብሳዮቹ ጋር ተነጋገረ። በሸክላ ድስት ምድጃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ በሽንኩርትና በዘይት መጣ። ቢጫ ክክ ተፈጭቶ መጣ። እማዬ ቀመሰችና "ይሄማ ክክ አልጫ ነው፣ ቃሪያ ብቻ ነው የጎደለው" ብላ ሳህኑን አጸዳችው።

የሚገርመው ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት እንደማትቀምስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኩት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መንገዱን በዚያ ቆረጠው። ጠዋት የሚያደክመውን፣ ቀትር ላይ ጥላ፣ 9 ሰዓት ሲሆን ማዕድ ቤቱ ያልተዘጋ ቦታ። አስጎብኚ ድርጅት ከፍዬ እንኳ ይህን የሚያደርግልኝ አላገኝም።

ስለ ተፈጥሮው ባጭሩ። ነሐሴ ላይ ከሰሜን የሚነፍሰው ሜልቴሚ የሚባል ንፋስ አለ፣ ሲነሳ ቀልድ የለውም። ስለዚህ ሰሜን ዳርቻ ያለችውን ላምቢን ንፋስ በሌለበት ቀን ነው ያሳየን። አሸዋ የላትም፣ ጠጠር ናት፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ሽንትር ሽንትር ያለው። ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይወጣል። እማዬ ለጎረቤቶቿ ልትይዝ መሐረቧን ዘርግታ ነበር። መውሰድ አይፈቀድም አለና ባለታክሲው በትሕትና መልሶ አስፈሰሳት። ንፋስ በተነሳ ቀን ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ግሪኮስ ወሰደን፣ ኮረብታው ስለሚከልለው ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው። እዚያ ካሊካጹ የሚባል ትልቅ ዓለት ከባሕሩ ዳር ብቻውን ቆሟል፣ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ጉድጓዶችና ደረጃዎች አሉበት። ባሕታውያን ይኖሩበት ነበር ይባላል። ፕሲሊ አሞስ የሚባለው ጥሩ አሸዋ ያለው ዳርቻ ግን በእግር ወይም በጀልባ ብቻ ስለሚደረስ "ለያያ አይሆንም፣ አንቺ ሌላ ጊዜ ነይ" ብሎ ሰረዘው። ትክክል ነበር።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፣ ውዳሴ ብቻ እንዳይሆን። እንግሊዝኛው የሰላምታ ያህል ነው፣ ግሪክኛ የማትችሉ ስልክ ላይ መተርጎሚያ አዘጋጁ። እያሽከረከረ ወሬ ይወዳል፣ ያውም ወደ ኋላ ዞሮ። ሂሳቡ ከሌላው አይረክስም። እኔ ግን አንድ ሳንቲም አልቆጨኝም።

ሲሸኘን ለእማዬ አንድ ነገር አስተርጎመኝ፤ ለፋሲካ እንድትመጣ። በጸሎተ ሐሙስ የገዳሙ አበምኔት በአደባባይ የአሥራ ሁለት መነኮሳትን እግር ያጥባል፣ ሕዝቡም ቆሞ ያያል። ፋሲካችን ደግሞ በአንድ ቀን ነው የሚውለው። "ወንበሯን እኔ ቀድሜ እይዝላታለሁ" አለ። በርጩማዋን ማለቱ ነው።

መሄድ የምትፈልጉ፣ በተለይ ነሐሴ ላይ፣ ቀደም ብላችሁ ደውሉለት፤ ታክሲ ጥቂት ነው። ጽሁፍ መልእክት አይመልስም፣ ደውሉ። ካርድ አይቀበልም፣ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ሥራ ከሌለው ይተኛል፣ ያን ጊዜ ብትደውሉ የምታገኙት ሚስቱን ነው፣ እሷ ደግሞ አትቀሰቅሰውም።