አምፕላትዘር፦ የልብን ቀዳዳ የሚዘጋው ክዳን በቤተሰብ ዓይን

ፅንስ በሳንባው ስለማይተነፍስ፣ ደሙ ከልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል በቀጥታ ወደ ግራው የሚሻገርበት ፎራሜን ኦቫሌ የሚባል መተላለፊያ አለው። ይህ መተላለፊያ ከአራት ሰዎች በአንዱ ገደማ ከተወለዱም በኋላ ሳይዘጋ ይቀራል፤ አብዛኞቹም ሳያውቁት ዕድሜያቸውን በጤና ይጨርሳሉ። አደጋው የሚመጣው በእግር ደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ፣ ወደ ሳንባ በመሄድ ፈንታ በዚህ ቀዳዳ ሾልኮ አንጎል ሲደርስ ነው። ታናሽ እህቴን ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከተደረገ ረጅም በረራ በኋላ በስትሮክ የጣላት ይኸው እንደሆነ ሐኪሞቿ ደምድመው፣ አምፕላትዘር የተባለውን መክደኛ ገጠሙላት።

ከመግጠሙ በፊት የነበረው ምርመራ ከሁሉ ይበልጥ አሳምኖኛል። በደንብ የተናጠ የጨው ውሃ በክንዷ ሥር ተሰጥቷት እንድታምጥ ስትታዘዝ፣ ጥቃቅን ነጫጭ አረፋዎች መጀመሪያ የልቧን ቀኝ ክፍል ሞሉት፤ ወዲያው ደግሞ ጥቂቶቹ በግራ በኩል ብቅ ሲሉ በስክሪኑ ላይ በዓይናችን አየን።

መሣሪያው ከኒኬልና ከታይታኒየም ቅይጥ ሽቦ የተሠሩ፣ በቀጭን ወገብ የተያያዙ ሁለት ክብ ዲስኮች ሲሆን፣ ውስጡ የፖሊስተር ጨርቅ አለው። በቀጭን ቱቦ ውስጥ ተጨምቆ በብሽሽት ደም መልስ በኩል ልብ ይደርሳል፤ ከቱቦው ሲወጣ ወደ ቅርጹ ይመለስና ግድግዳውን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ ይይዛል። ደረት አይከፈትም፤ እህቴም ብሽሽቷ ላይ ከቀረው ትንሽ ጠባሳ በቀር የሚታይ ምልክት የለባትም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 የፈቀደው ሪስፔክት በተባለው ጥናት ላይ ተመሥርቶ ነው። በ2017 በታተመው የረጅም ጊዜ ውጤት፣ ከ980 ተሳታፊዎች መካከል ክዳኑ ከተመደበላቸው 499 ሰዎች 18ቱ፣ በመድኃኒት ብቻ እንዲታከሙ ከተመደቡት 481 ደግሞ 28ቱ ዳግም ስትሮክ አግኝቷቸዋል። ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም በሁለቱም ወገን ቁጥሩ አነስተኛ መሆኑን ታካሚው ከመወሰኑ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ጉድለቱንም ልናገር። ክዳኑ መሻገሪያውን ይዘጋል እንጂ ደም እንዳይረጋ አያደርግም፤ በዚያው ጥናት ሳንባ ላይ የደረሰ የረጋ ደም ክዳኑ በተመደበላቸው ዘንድ በርክቶ ታይቷል። ስለዚህ ቀድሞ እግሩ ላይ ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰው ደም ማቅጠኛውን በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም። እህቴ መጀመሪያ ደም እንዳይረጋ የሚያግዙትን አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል የተባሉ መድኃኒቶች አብራ ወሰደች፤ ቆይታም በአስፕሪን ብቻ ቀጠለች። ክዳኑ አንዳንዶች ላይ የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ልብ ድው ድው ሲል ችላ ሳይሉ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ኒኬል የሚቆጣው ሰውም አስቀድሞ ይናገር።

በተለይ ከ18 እስከ 60 ዓመት ላሉ፣ የነርቭና የልብ ሐኪም አብረው መርምረው ለስትሮኩ ሌላ ምክንያት ላጡባቸው ሰዎች ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ስትሮክ ሳይዘው ቀዳዳው በአጋጣሚ ለተገኘበት ጤነኛ ሰው ግን አልመክርም።