ቃሉን እንዳለ መዝፈን ወይስ ታሪኩን ብቻ መውሰድ?

የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የቴኒሰንን «የሻሎት እመቤት» የተሰኘ ግጥም ሁለት ሙዚቀኞች በሁለት መንገድ ሠርተውታል። ሎሪና ማክኬኒት እ.ኤ.አ. በ1991 በገጣሚው በራሱ ቃላት ዘፈነችው፤ ከ11 ደቂቃ በላይ ነው፣ ሻይ አፍልታችሁ ተቀመጡ! ግን ግጥሙ ራሱ ዜማ አለው። አራት ስንኝ በአንድ ቤት ይመታና አምስተኛው ብዙውን ጊዜ «ካሜሎት» (የንጉሥ አርተር ከተማ) ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ሦስት ስንኝ በሌላ ቤት ይሄድና ዘጠነኛው «ሻሎት» ብሎ ይዘጋል፤ ዘፋኟ ይህን ምልልስ ተከትላ መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ኤሚሊ ኦተም ግን ታሪኩን ወስዳ በራሷ ቃል ጻፈችው። አጭር ነው፣ ቫዮሊኑም ይነዝራል። ለመኪና ውስጥ ይሄኛው ይሻላል። እኔ ግን የማክኬኒት ነኝ፤ እመቤቲቱ ዓለምን የምታይበት መስታወት ከዳር እስከ ዳር ሲሰነጠቅ በቴኒሰን ቃል መስማት እፈልጋለሁ።